እህቴ የማትጠራው ስም

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ቤቱ ውስጥ ነበርኩ።

የሆነው ደግሞ በጨለማ አይደለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የእህቴን የስፌት መኪና እያበራችው...

ስሙን አልጽፈውም። ከእናንተ መካከል በዚህ ስም የሚጠራ አይጠፋምና ለምን ላስደነግጠው?

መጀመሪያ የአባታችን ስም ነበር። አባታችን ግንበኛ ነበር። እህቴ ገና ልጅ ሳለች፣ እኔ በእናቴ ሆድ እያለሁ፣ ግንብ ተደርምሶበት ሞተ።

ካደገች በኋላ የወደደችው ሰው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ስሙን የነገራት ዕለት ሳቀች።

«የአባቴ ሞክሼ!»

ደስ አላት እንጂ አልከፋትም።

ሠርጋቸው ሲቃረብ ከምሰሶ ላይ ወድቆ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ያንን ስም ካፏ አላወጣችም። ልብስ የሚያሰፋ ደንበኛ እንኳ ሲመጣ መጀመሪያ ስሙን ትጠይቃለች። ሞክሼ ከሆነ... «ሥራ በዝቶብኛል» ብላ ትመልሰዋለች። ሰው «ኩራተኛ ናት» ይላታል። ጉዷን የማውቀው እኔ ነኝ።

የአውቶቡስ ሹፌሩን ያገባችው ስሙ ሌላ ስለሆነ ነው ብል አልዋሸሁም። በኋላ ግን ወደደችው። ማንስ ይጠላዋል? ሰፈሩ ሁሉ «ሳቂታው» ነው የሚለው። ተኝቶ እንኳ ጥርሱ አይከደንም።

በተጋቡ በዓመቱ፣ እህቴ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ለሠርጉ መምጣት ያልቻሉት የሳቂታው እናት ከሩቅ ሊጠይቋቸው መጡ። ገና በር ላይ ሆነው፣ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ፣ ልጃቸውን ተጣሩ።

በዚያ ስም።

የእህቴ እጅ የስፌት መኪናው ላይ ቀረ።

«እማማ... ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ልጄን ነዋ! እኔ ያወጣሁለት ስም እኮ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ክፍሉ በሞክሼ ተሞልቶ አስተማሪው ግራ ስለገባው ነው የተቀየረው።»

ሳቂታው ከት ብሎ ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም።

እናቲቱ ሰንብተው ሄዱ። ስሙ ግን ቤቱ ውስጥ ቀረ።

አንድ ቀን ሳቂታው ፊቱን እየታጠበ ድንገት «አቤት!» አለ።

«ማንን ነው አቤት የምትለው?» አለችው እህቴ።

«ሰው ጠራኝ... በልጅነት ስሜ።»

«ማን?»

«እኔ እንጃ። ወንድ ነው። አይ... ሁለት ናቸው መሰለኝ።»

በማግስቱ ልብሷንና የስፌት መኪናዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች።

«የምወዳቸውን የማስበላው እኔ ነኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከራቅኩት ይተርፋል።»

ሳቂታው በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። በሩን አያንኳኳም፤ በመዳፉ ይደባብሰዋል።

«ምን አጠፋሁ? ይሄን ብቻ ንገሩኝ።»

እሷ ከበሩ ጀርባ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትቆማለች። በከንፈሯ ብቻ... «የለችም በይው።»

«የለችም» እለዋለሁ።

ትንፋሿን ይሰማል። እያወቀ «እሺ... ስትመጣ ሰላም በይልኝ» ብሎ ይሄዳል።

አልተረፈም።

በጠራራ ፀሐይ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ መሪው ላይ ድፍት እንዳለ ቀረ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ረዳቱ ለቅሶ ሲመጣ ግን ወደ ጥግ ሳብ አደረገኝ።

«ቀና ብሎ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ» አለኝ። «ወንበሮቹ ባዶ ናቸው... ‹አቤት፣ መጣሁ› አለ።»

ለእህቴ አልነገርኳትም። የሷ ለቅሶ ሌላ ነበር።

«የመጨረሻ ጊዜውን ቀማሁት» ትላለች። «በር ዘግቼበት... አብሬው ብስቅ ምን ነበረበት?»

ሴት ልጅ ወለደች። አባቷን ቁርጥ።

እንግዲህ ያ ዘጠኝ ሰዓት...

ልጅቷ ቆማ መሄድ ጀምራለች፤ አፏን ግን ገና አልፈታችም። ወለሉ ላይ በጨርቅ ቁርጥራጭ ስትጫወት ቆይታ፣ ድንገት ተነሥታ ወደ ባዶው ጥግ ዞረች።

ሳቀች።

ከዚያም ያንን ስም ጠራችው። ጥርት አድርጋ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

ደገመችው። ሠለሰችው። በየመሃሉ ፊቷን ትንሽ ትንሽ ታዞራለች... ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ሰዎችን በተራ እንደምትጠራ።

ቀጥላም እቀፉኝ እንደሚል ሕፃን ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

ልጮህ ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ተያት» አለችኝ። ወደ ጥጉ ዞራም በሹክሹክታ...

«አደራ... ቀስ አድርጋችሁ።»

የልጅቷ ተረከዞች ከወለሉ ተነሡ።

ከዚያ ጣቶቿ...