መንጠቆው ከመዳፉ ሳይወጣ

ጎርፉ ሻንጣውን ሲወስደው ልብስ ሰፊው እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ተወርውሮ እጁን ዘረጋ፤ ማንጠልጠያው ጣቱን ነካና አመለጠው። ምግቡ፣ ፒንሳው፣ የጥይቱ ካርቶንና የሦስቱም ስልክ እየተንከባለሉ ከቋጥኙ ጀርባ ጠፉ። እንዳይረጥቡ ብሎ ስልኮቹን ሰብስቦ ሻንጣው ውስጥ የከተታቸው ራሱ ነው።

«ተዋቸው፣ ከእንግዲህ ዝናብ አያገኛቸውም!» አለ ከዳር የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ።

ከላይ አገር ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ኖሮ፣ ትናንት ሱሪያቸውን ጠቅልለው የተሻገሩት ወንዝ ዛሬ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። መኪናቸው በወዲያኛው ማዶ ቀርታለች። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቀው ባለፉት። ልብስ ሰፊውን ያስጨነቀው የጓደኛው የፀጉር አስተካካዩ ቀኝ እጅ ነው። ትናንት ከሰዓት ሲያጠምዱ አንድ አምባዛ ዓሣ ክሩን በድንገት ስቦ፣ ትልቁን መንጠቆ ከአውራ ጣቱ ሥር ሰክቶበት በጥሶ ሄደ። የመንጠቆ ጥርስ ወደ ኋላ አይወጣም፤ ጫፉን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ጥርሱን በፒንሳ ቆርጦ ነው የሚነቀለው። ፀጉር አስተካካዩ ግን ዓሣ ሲበላለት ማን ይችለዋል! «አሁን ነው የያዘው፣ ነገ ታወጡልኛላችሁ» ብሎ እስኪመሽ በግራ እጁ ሲያጠምድ ዋለ። ነገ መጣ፣ ፒንሳው ሄደ።

እጁ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ቀይ መስመር ከአንጓው ወደ ክርኑ መውጣት ጀምሯል። ልብስ ሰፊው ከኪሱ የማይለየውን ክር አወጣና ቅላቱ የደረሰበት ላይ ላላ አድርጎ አሰረ።

«ለክተህ ሱሪ ልትሰፋልኝ ነው?»

«ክሩን ካለፈ እንድናውቅ ነው። ዝም በል።»

ፈላጊ እንደማይመጣላቸው ሦስቱም ያውቃሉ። ዓሣ የሚያጠምዱበትን የምስጢር ኩሬ ያገኘው የፀጉር አስተካካዩ አባት ነው፤ ሊሞት ሲል ለልጁ በአደራ ሰጠው። ልጁም ሁለቱን ወዳጆቹን ያመጣቸው ለሚስቶቻቸው እንኳ እንዳይተነፍሱ አስምሎ ነው። ስለዚህ ከቤት የወጡት «ጅግራ አደን ወደ ተራራው» ብለው፣ ውሸቱ እውነት እንዲመስልም አሮጌ ጠመንጃ ተሸክመው ነው። ቢጠፉ ተራራው ይታሰሳል እንጂ ወንዝ ዳር ዝር የሚል የለም።

ልብስ ሰፊው በኑሮው ሁሉ «እንደ ፈቀዳችሁ» ባይ ነበር። ደንበኛ ሱሪ አሳጥር ቢለው ያሳጥራል፤ የተቆረጠውን መልሰህ አስረዝም ቢለው እንኳ መላ ይፈልጋል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ክሩን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ቆርጦ ተነሣ።

«ወንዙን ይዘን እንወርዳለን። ታች ሜዳው ላይ ውሃው ሰፍቶ ይረጋል፤ ማዶው ከተማ ነው፤ ጀልባ አይጠፋም።»

«ውሃው ይጎድላል፣ እንጠብቅ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እኛ እንጠብቅ ይሆናል፣ እጅህ ግን አይጠብቅም። ተነሥ!»

የልብስ ሰፊው ሚስት ወንድም፣ ጫማ ነጋዴው፣ ትናንት በባዶ እግሩ ተሻግሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን አዲስ ቡትስ ገና አሁን ሊያጠልቅ ጎንበስ አለ። አጠለቀ፤ አወለቀ፤ ደግሞ አየው። ሁለቱም የግራ ነበሩ።

«ከራስህ ሱቅ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ስወጣ ጎህ አልቀደደም ነበር፣ ምን ላድርግ!»

«እንግዲህ ተጠንቀቅ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ጥርሱን ነክሶ እየተነሣ፣ «በሁለት ግራ የሄደ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው የሚመለሰው።»

ወረዱ። ገደሉ ወንዙን ሲያንቀው በጠባቧ እርከን ላይ በሆዳቸው ተሳቡ። ገደሉ ሲያልቅ እሾሁ ተቀበላቸው፤ ልብስ ሰፊው ከፊት ሆኖ በጠመንጃው ሰደፍ እየሰበረ መንገድ አወጣ። ዝናቡ ደግሞ መጣና ጀርባቸውን ገረፈው። ፀጉር አስተካካዩ ቀልዱን ተወ። ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊው ከልቡ ፈራ፤ ያ ሰው ሲታመም እንኳ አፉ ሲዘጋ አይቶ አያውቅም። ክንዱን ገልጦ ቢያየው ቅላቱ ክሩን አልፏል። ከፍ አድርጎ ሌላ ክር አሰረ።

ሸምበቆው ውስጥ ሰፊ የተረገጠ መንገድ ሲያገኙ ደስ አላቸው። ጥቂት እንደሄዱ ግን ልብስ ሰፊው ቆመ። ጭቃው ላይ ያለው ዱካ የከብት አይደለም። ወዲያው ከኋላቸው ሸምበቆው ተሰነጠቀ። ከግጦሽ የሚመለስ ጉማሬ ነው፤ እነሱም በእሱና በውሃው መካከል ቆመዋል። ጫማ ነጋዴው ጠመንጃውን ነጥቆ አነጣጠረ። ልብስ ሰፊው አፈሙዙን ይዞ ወደ ምድር ደፈቀው።

«አንዲት ጥይት ናት ያለችን! አቁስለህ ልታስፈጀን ነው? ከመንገዱ ውጡ!»

ፀጉር አስተካካዩን በወገቡ አቅፎ እሾሁ ውስጥ ተወረወረ። ጫማ ነጋዴው ተከተለ፤ አንዱ እግሩ ግን ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረና ቡትሱን ትቶ ዘለለ። ጉማሬው ምድሩን እያንቀጠቀጠ ሽታውን እየረጨ አለፈ። ቡትሱ ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ።

«የግራው ሄደ» አለ ጫማ ነጋዴው ሲተነፍስ።

«የትኛው ግራ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በቀጭን ድምፅ። ልብስ ሰፊው ያን ሰምቶ በደስታ ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ውሃው እንዳሰበው ሰፍቶ ረግቷል። የሞተር ድምፅም ሰሙ። አንዲት ጀልባ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ማዶ ትርቃለች። ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ጢሙ ከሩቅ ይታያል። ጢሞ የሚሉት አናጢ ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ ዓሦች ከየት እንደሚመጡ ለማወቅ ስንት ክረምት ሲሰልል የኖረ ተቀናቃኛቸው።

ልብስ ሰፊው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አነሣ።

«እንዳትተኩስ!» ፀጉር አስተካካዩ መሬት ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ያዘው። «ጢሞ ነው። ከየት መጣችሁ ይለናል። የአባቴ አደራ ነው። መንጠቆ ሰው አይገድልም፤ ይለፍ።»

ልብስ ሰፊው የጓደኛውን ክንድ አየ። ቅላቱ ሁለተኛውንም ክር አልፎ ክርኑን ዘሏል። ያ እጅ መቀስ የሚይዝበት፣ ልጆቹን የሚያሳድግበት እጅ ነው። ተኮሰ።

ጀልባዋ ዞራ መጣች። ጢሞ ከዳር ራቅ ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

«ጅግራው እንዴት ነው?» አለ ሰበባቸውን ሰምቶ ኖሮ እየሳቀ። «ከየት እንደመጣችሁ ሳልሰማ አላስጠጋም።»

ልብስ ሰፊው ሳይደብቅ ተናገረ፦ ወንዙን ሽቅብ፣ ከገደሉ በላይ፣ ሁለቱ ቋጥኞች የሚገናኙበት። ጢሞ ሳቁን ለቀቀው።

«ዓሣ አጥማጅ ሆነህ በአንድ ጥያቄ እውነት ልትናገር? ሂድ ወዲያ!»

ልብስ ሰፊው የጓደኛውን እጅ ቀስ ብሎ አንሥቶ አሳየው። ጢሞ ያበጠውን መዳፍ፣ ከመዳፉ ብቅ ያለውን ትልቅ መንጠቆ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«በዚህ መንጠቆ ጅግራ አይያዝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀልባዋን እያስጠጋ። «ቶሎ ጀልባዋ ላይ አውጡት፣ እኔ እደግፈዋለሁ።»

በወንዙ መካከል ግንድ እየተንሳፈፈ ወረደባቸው። ልብስ ሰፊው ከፊት ተንበርክኮ ጀልባዋ ውስጥ ባገኘው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገፋው፤ ዘንጉ ተሰበረ፤ በጠመንጃው ገፋው፤ ጀልባዋ ተንገጫግጫ አለፈች።

ከተማው ሲደርሱ የጤና ጣቢያው ሐኪም ቀዶ መንጠቆውን አወጣ። ትንሽ ብትዘገዩ ክንዱን አናተርፈውም ነበር አለ። በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን ሲቀይርለት «እስቲ አውራ ጣትህን» አለው። ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከሌባ ጣቱ ጋር ተገናኘ፤ ተከፈተ፤ ደግሞ ተገናኘ። ሐኪሙ ረክቶ ወጣ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀና አለ። «ለጢሞ ነገርከው።»

«ነገርኩት።»

«አደራ በላህ።»

«በላሁ! ዛሬም ቢሆን እበላለሁ። አባትህ ኩሬውን የተወልህ እንድትደሰትበት ነው እንጂ እንድትሞትለት አይደለም። ካልጣመህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር!»

በሩ ላይ በባዶ እግሩ የቆመው ጫማ ነጋዴ አፉን ከፈተ። እህቱን ካገባበት ቀን ጀምሮ ይህ ሰው በማንም ላይ እንዲህ ሲቆጣ አይቶ አያውቅም።

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን አላዞረም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በደኅናው እጁ ጠረገው።

«ጢሞ መቼ ሊሄድ ነው?»

«ውሃው ሲጎድል።»

«የገደሉን መውረጃ አያውቀውም፤ በቀኝ ከወረደ አጥንቱ አይለቀምም። እኔ ሳልድን እንዳይነቃነቅ ንገረው። የማሳየው እኔ ነኝ።»

«እምቢ ቢለኝስ?»

«አሁን እኔን እንደተናገርከኝ ተናገረውና» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እምቢ ሲል አያለሁ!»