የማይፈሩት አይጦች

ፕሮፌሰሩ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነው የተገኙት። አጠገባቸው ባዶ የክኒን ብልቃጥና ባዶ የውሃ ኮዳ ነበር። ጭንቀት አንጎል ውስጥ ከየት እንደሚነሳ ሲያጠኑ የኖሩት ሰው ለራሳቸው ጭንቀት ክኒን ይውጡ እንደነበር መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ራሳቸውን አጥፍተዋል ብሎ በልቡ ጨርሷል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን ሰው ሁሉ ቶሎ የተስማማበት ነገር አይዋጥላትም። ኮዳውን አንስታ ውስጡን አየች። በጨርቅ ተወልውሏል። ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ኮዳ ይወለውላል እንዴ?

ተጠርተው የመጡት የሟቹ ታላቅ እህት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ትናንት በስልክ ተጣላን» አሉ። «‹በክኒን የምትኖር ፈሪ› አልኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

መርፌ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እሱን ቆይተን እናየዋለን፣ እትዬ። ኮዳው ውስጥ ምን ይጠጡ ነበር?»

«ስኳር የበዛበት ውሃ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጣፋጭ ነፍሱ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ሁለት የአይጥ ሳጥኖች ላይና ታች ተቀምጠዋል። ሬሳውን ያገኘው ጺማሙ ረዳት ተመራማሪ ቀስ ብሎ አስረዳት።

«አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል የሚያረጋጋ ኬሚካል አለ። የነርቭ ሴል ላይ የራሱ በር አለው፤ በሩ ሲከፈት ሴሉ ይረጋጋል። የማረጋጊያ መድኃኒት ያን በር የበለጠ ይከፍተዋል። በአንደኛው ሳጥን ያሉት አይጦች በሩን የሚሠራው ጂናቸው ስለተለወጠ መድኃኒቱን ቢጠጡም ፍርሃቱ አይለቃቸውም። የሌላኛው ሳጥን ተራ አይጦች ናቸው።»

«በምን ትለያቸዋለህ?»

«በመልክ አይለዩም። እንዳናዳላ ብለን ምልክታቸውን ከኋላ ነው የምንለጥፈው።»

«ዛሬ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል?»

«ኧረ አልተሰጣቸውም። ጠዋት ቦታቸውን ብቻ ነው የቀያየርኩት፤ መብራቱ የላዮቹ ላይ ስለሚበረታ አልፎ አልፎ እናወርዳቸዋለን። ከዚያ ፕሮፌሰሩን በደህና ትቻቸው ዕቃ ላጥብ ወጣሁ፤ ስመለስ ተደፍተው አገኘኋቸው። ቧንቧ ያለው ማጠቢያ ክፍል ብቻ ነው።»

መርፌ እጇን ወደ ታችኛው ሳጥን ስታስጠጋ አይጦቹ ጥጥ ውስጥ ተወሸቁ። የላይኞቹ መሀል ላይ ተዘርግተው ጣቷን አሸተቱ። የውሃ ጠርሙሳቸውን አፍ ነካችው። ተጣበቀባት።

የፕሮፌሰሩ ምክትል ኃላፊ ጥያቄዋን የተቀበለው ክራቫቱን እያስተካከለ ነበር።

«አርፍጄ ነው የመጣሁት። ጩኸት ስሰማ ነው እዚህ የደረስኩት።»

«ከፕሮፌሰሩ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ አባትና ልጅ።»

ይህን ሲል ጺማሙ አቀረቀረ። መርፌ ለብቻው ወስዳ ስትጠይቀው አወጣው፦ ሙከራው ሲደገም ውጤቱ ስላልመጣ፣ ፕሮፌሰሩ የምክትላቸውን ዝነኛ ጥናት ውሸት ነው ብለው ሊያሳውቁ ነበር።

በመጨረሻ እህትየውን፣ ጺማሙንና ምክትሉን ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ ይርዱኝ» አለችው ምክትሉን። «መድኃኒት የማይሠራባቸው የትኞቹ ናቸው?»

«የላይኞቹ» አለ ሳያመነታ።

ጺማሙ ቀና አለ። «ጠዋት ወደ ታች አወረድኳቸው እኮ።»

ምክትሉ ጎንበስ ብሎ ታችኛውን ሳጥን አየ።

«ኮዳው ውስጥ የቤተ ሙከራው ማረጋጊያ ተጨመረበት» አለች መርፌ፤ «ከክኒኑ ብዙ እጥፍ የሚበረታው። ስኳሩ ምሬቱን ሸፈነው። ገዳዩ ክኒኖቹን ደብቆ ብልቃጡን አጠገባቸው ተወው። የቀረውን ውሃ ግን የት ይድፋው? ማጠቢያው ጋ ጺማሙ አለ። ስለዚህ መድኃኒት አይሠራባቸውም ባላቸው አይጦች ጠርሙስ ውስጥ ጨመረው፤ የጠርሙሱ አፍ በስኳር የተጣበቀው፣ ተራዎቹም ጠጥተው ፍርሃታቸው የጠፋው ለዚህ ነው። እትዬ አይጦቹን አይለዩም። ጺማሙ መቀያየራቸውን ያውቃል፤ እሱ ቢሆን ታችኛው ውስጥ ነበር የሚጨምረው። ከላይ ናቸው ብሎ የሚያምነው አርፍዶ የመጣው ሰው ብቻ ነው።»

«ይህ ግምት ነው።»

«ጠርሙሱ ይመረመራል። አሻራም አለበት።»

ምክትሉ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። «ስሜን ሊያጠፉት ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። የላይኞቹ አይጦች ደንግጠው ጥጡ ውስጥ ገቡ።

«ፈሩ» አሉ እህትየው።

«መድኃኒቱ እየለቀቃቸው ነው።»

«እሱም በር ሲጋጭ እንዲህ ይደነግጥ ነበር። ግን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም።» ሴትየዋ ሳጥኑን በእጃቸው ዳበሱ። «ታዲያ ክኒኑን አልዋጠውም?»

«አልዋጡትም፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ ገና ለወንድማቸው አለቀሱ።