ከየረድፉ አንድ

«አምስት ልጅ ብቻ» አሉ አቶ እሸቴ ስልካቸውን ወደ ሰምሃል እያዞሩ። «ከእናንተ ክፍል። ከእረፍት በኋላ ይመጣሉ።»

መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ የሚያስጠና አንድ ድርጅት ጉርድ ሾላ አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱን ሊመርጥ ነው። ከየትምህርት ቤቱ አምስት ልጆች አነጋግሮ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ጠያይቆ፣ ማጠናከሪያ ትምህርቱን ይበልጥ ለሚያስፈልገው ይሰጣል። ልጆቹ የክፍሉ «ክሮስ ሴክሽን» ይሁኑ ይላል።

«ክሮስ ሴክሽን ምን ማለት ነው ቲቸር?»

«ያው ናሙና ነው። ጎበዝ ጎበዞቹን ይዘሽ ነይ። እንግዳ ሲመጣ የቡፌው ብርጭቆ ነው የሚወጣው።»

አቶ እሸቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ትምህርት ቤታቸው በሰው ፊት እንዲያፍር አይፈልጉም፣ ያ ብቻ ነው። ሰምሃል ደግሞ የክፍል አለቃ ናት። አለቃ የሚባለው የታዘዘውን የሚያደርግ ልጅ ነው፤ እሷም እስከዛሬ ስታደርግ ኖራለች።

ቃሉ ግን አልተዋጠላትም። እንግሊዝኛ የሚያስተምሯቸውን ቲቸር ሊድያን መምህራን ክፍል በር ላይ አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ ክሮስ ሴክሽን ለሰውም ይባላል እንዴ? እኔ የማውቀው ሳይንስ መጽሐፍ ላይ ያለውን የግንድ ሥዕል ነው።»

«እሱው ነው። ግንዱን አግድም ስትቆርጪው ቅርፊቱም መሃሉም አንድ ላይ ይታይሻል አይደል? ለሰውም እንደዚያ ነው። የአዲስ አበባ ክሮስ ሴክሽን ካልሽ ሩዋንዳ ሰፈር ካፌ ቁጭ ያለውም፣ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ታክሲ የሚጋፋውም መኖር አለበት።»

«ጎበዞች ብቻ ቢሆኑስ?»

«እሱማ ቅርፊት ብቻ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። «ለምንድነው የጠየቅሽኝ?»

ሰምሃል ነገረቻቸው። ቲቸር ሊድያ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ።

«እኔ እንግዲህ ቃሉን ነው የነገርኩሽ» አሉ። «ሌላውን ከአቶ እሸቴ ጋር ተነጋገሪ።» ገብተው በሩን ዘጉት።

ሰምሃል ተናደደች። ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ናቸው፤ እሳቱን ያሳዩህና አንተ ጨብጠው ይላሉ።

ክፍል ስትገባ ዳናይት ወንበራቸው ላይ ሆና ቆሎ እየቆረጠመች ነበር። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የሚቀመጡት። ሰምሃል ቤት የሚመጣ አስጠኚ አላት፤ ፊት የሚቀመጡት ጎበዞችም ሁሉም አላቸው። ዳናይት የላትም። ሚድ ፈተና ላይ ሒሳብ ስንት እንዳመጣች ከሰምሃል ሌላ የሚያውቅ የለም። በዚህ ከቀጠለች የሚኒስትሪ ፈተናውን አታልፍም፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ አይነጋገሩበትም።

ሰምሃል ነገሩን ሁሉ አጫወተቻት።

«እኔን እንዳትጠሪኝ በናትሽ» አለች ዳናይት። «ምን ብዬ ልቀባጥር? ሙድ ነው የሚይዙብኝ።»

«ጎበዞቹ ብቻ ከሄዱ እኮ ማጠናከሪያው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል።»

«ገብቶኛል። ከኋላ ተስፉ አለልሽ አይደል? እሱን ጥሪው። እሱ አያፍርም።»

«እንደማያፍር በምን አወቅሽ?»

ዳናይት የቆሎውን ላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «ሰሚ፣ ጓደኛሽ ነኝ» አለች።

ከእረፍት በኋላ አቶ እሸቴ አንዲት ሴትና አንድ ወጣት አስከትለው በሩ ላይ ቆሙ። እሳቸው አዲስ ከረባት አስረዋል። «ሰምሃል፣ አምስቱን ጥሪያቸው» አሉ ፊት ረድፍ የተቀመጡትን እያዩ።

ሰምሃል ተነሳች። ክፍሉ አምስት ረድፍ አለው።

ከፊተኛው ረድፍ የክፍሉን አንደኛ አብኔዘርን ጠራች። አቶ እሸቴ ፈገግ አሉ። ከሁለተኛው ፊዮሪን ጠራች፤ ፊዮሪ ጎበዝም ሰነፍም አይደለችም፤ ስሟ ሲጠራ ዞር ብላ ሌላ ፊዮሪ ፈለገች። ከሦስተኛው መርሃዊን ጠራች። ከመጨረሻው ረድፍ ተስፉን። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ተስፉ አያፍርም ብለው ነበር የሳቁት፤ እሱ ግን እስከ ጆሮው ቀላ፣ ቢሆንም ወጣ።

አቶ እሸቴ ፈገግታቸው የለም። በእንግዶቹ ፊት መቆጣት አልቻሉም። ወደ ዴስኳ መጥተው ጎንበስ ብለው «ቆይ፣ ቢሮ ትመጫለሽ» አሏት በዝግታ።

የቀረው አራተኛው ረድፍ ነው፤ የእሷና የዳናይት። ሰምሃል ራሷን ብትጠራ ማንም አይቀየማትም። አቶ እሸቴም ቢሆኑ ትንሽ በረድ ይሉ ነበር። ዳናይት አንገቷን ደፍታ ዴስኩን ታያለች። ሰምሃል ጓደኛዋን አይታ አዘነችላት፤ ከልቧ አዘነችላት። ከዚያ በር ላይ የቆመውን ተስፉን አየችው። እሱን ሳትጠይቀው ነበር የጠራችው፤ የራሷን ጓደኛ ግን ልታስቀር ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

«ዳናይት» አለች።

ዳናይት ወዲያው አልተነሳችም። ስትነሳ ዩኒፎርሟን አስተካከለች፤ በሰምሃል ፊት ለማለፍ ጎኗን አዞረች።

«ሁለተኛ አላናግርሽም» አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሰምሃል እግሯን ሰብስባ አሳለፈቻት።