የሰፋው ፊት

ፍቅሩ የተገኘው በፊቱ ተደፍቶ ነው። ከጭንቅላቱ ኋላ ወረቀት የሚጫንበት ብረት ወድቋል። ከበላዩ አዲስ የታተመ ባነር ተሰቅሏል፤ ባነሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሟቹን ቁልቁል ያያል። የቆቦ ፀሐይ የማተሚያ ቤቱን ቆርቆሮ ያንጣጣል።

ኢንስፔክተር የሻረግ ስትደርስ ፖሊሶቹ «ያገኘ ገደለ» ብለው ነገሩን ጨርሰውታል። ሬሳውን ያገኘችው የሥራ ባልደረባው መቅደስ እጆቿን በካቴና ታስራ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ወልድያ የሚወስዳት መኪና ሞተሩን አስነስቷል።

«ሞተሩን አጥፉት» አለች የሻረግ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ካሳው ላቡን እየጠረገ አስረዳ። «ጠዋት ወደ ዋጃ ስሄድ ፍቅሩ ደህና ነበር። የባነሩን ፎቶ ያኔ ገና መቀበሉ ነበር፤ ሥራውን አልጀመረም። ይኸው ጨርሶ አትሞታል። እኔ ከሄድኩ በኋላ የመጣች መቅደስ ብቻ ናት።»

«የሠራው ፍቅሩ ነው?»

«ሌላ ማን ይሠራዋል? ቆንጆ ሥራ ነው፤ ጥግ ድረስ ሞልቷል። እኔ ባዶ ቦታ አልወድም።»

የሻረግ ባነሩን ቀና ብላ አየችው። የሰውዬው ጉንጮች ወደ ጆሮዎቹ ሸሽተዋል። ከጎኑ የቆመው የባጃጅ ጎማ እንኳ የተጋደመ እንቁላል መስሏል።

ወደ መቅደስ ወጣች። «ከፍቅሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ እቴ፣ በምን አፌ! ሮቢት ላይ የራሳችንን ማተሚያ ልንከፍት ነበር። ትናንት ለጋሽ ካሳው ነገራቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹እናያለን› አሉት። አነጋገራቸው ነው ያስፈራኝ።»

«ፎቶው ቦታውን ካልሞላላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

መቅደስ በጥያቄው ግራ ተጋባች። «ፍቅሩ ኮምፒውተሩ ላይ ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ፎቶውን ከጥግ ነው የሚስበው፤ ቁመቱም ወርዱም አብሮ ያድጋል። የተረፈውን ይቆርጣል እንጂ ፊት አይለጥጥም። ‹የሰው መልክ ላስቲክ አይደለም› ይል ነበር። እኔንም ያስተማረኝ እንዲያ ነው።»

የሻረግ በባጃጅ ከተማውን ዞራ ስትመለስ ሁሉንም ሰበሰበች። ባነሩን ለባሏ ሙት ዓመት ያዘዘችው አበበችም ተጠርታ መጣች። ገና ስታየው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ይኼ ነው የኔ አያሌው? እሱኮ ቀጭን ነበር። ይኼ ያበጠ ሬሳ ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ ራሱ ነው፤ ምኑ ተለወጠ?» አለ ካሳው። አልቀለደም፤ የእውነት አልታየውም።

«ያልታየው ለእርስዎ ብቻ ነው» አለች የሻረግ። «ፍቅሩ ይህን አልሠራም። ስለዚህ ባነሩ እርስዎ ሲሄዱ ፍቅሩ በሕይወት እንደነበር አይመሰክርም። የሠራው ፍቅሩ ከሞተ በኋላ ሬሳው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነው። መቅደስ ናት እንዳንል፣ ባነሩ የሚያስጠረጥረው እሷን ነው፤ የራሷን መታነቂያ ገመድ ለምን ትገምዳለች? የሚጠቅመው ‹ስሄድ ደህና ነበር› ላለው ሰው ብቻ ነው። ፍቅሩ ሳይቀጠር በፊት እርስዎ የሠሯቸውን ታፔላዎችም አየሁ። የጸጉር ቤቱም የሆቴሉም ሰው እንዲሁ አብጧል።»

«ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል» አለ ካሳው።

«እንግዲያው ለነገው ቀብር የፍቅሩን ፎቶ ይሥሩልን።»

ካሳው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ፎቶውን ከጎኑ ይዞ ሳበ። የፍቅሩ ፊት ሰፋ፣ አሁንም ሰፋ፣ ዓይኖቹ ተራራቁ። ካሳው የሚሠራውን ያስተዋለው አበበች ስታለቅስ ሲሰማ ነው። ማውሱን ለቀቀ።

«ደንበኛ ሁሉ ተከትሎት ሊሄድ ነበር» አለ ወደ ስክሪኑ እያየ። «አንድ ጊዜ ነው የመታሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። የተለጠጠው ፊት ስክሪኑ ላይ ቀረ።

«እንዲህ አድርጋችሁ አትቅበሩት» አለች መቅደስ። «እኔ ልሥራው። ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል።»

የሻረግ ካቴናውን ፈታችላት። መቅደስ የተበላሸውን ሰርዛ ፎቶውን እንደ አዲስ አስገባች። በግራ እጇ ሺፍትን ተጭና በቀኟ ከጥጉ ቀስ ብላ ሳበች። ፍቅሩ እንደ ራሱ ሆኖ መጣ። ከግራና ከቀኙ ነጭ ቦታ ተረፈ።

«ጎንና ጎኑ ባዶ ቀረኮ» አለ በሩ ላይ የቀረው ፖሊስ።

«ይቅር» አለች መቅደስ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።