ዶርዜ ያልወጣችው መኪና

ለአርባ ምንጭ ከተማ ነዋሪዎችና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ሊነገር የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። በ2004 ዓ.ም.፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ሰኞ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ የሲቀላ ሰፈሩ ሙዝ ነጋዴ ደግፌ ያገለገለች ራቭፎር መኪና ገዛ። ከዚህ ሌላ የዚያን ዕለት የተፈጠረ ነገር የለም።

መኪናዋ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያመላልስባት የኖረች ናት። ከወንበሯ ሥር የብስኩት ፍርፋሪ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሞተሯ ጤነኛ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ኮረኮንች የማትፈራ ነበረች። ደግፌም የገዛት ለዚሁ ነው። እናቱ ወይዘሮ ወለቴ ከከተማው በላይ፣ ተራራው ላይ ዶርዜ ይኖራሉ። ዓይናቸው ላይ ግላኮማ የሚባል በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ሐኪሙ ለደግፌ በማያሻማ ቃል ነግሮታል።

«ይህ በሽታ የወሰደውን አይመልስም። የቀረውን የሚያቆየው ጠብታው ነው፤ ጠብታውን የምንሰጠው ደግሞ ዓይናቸውን እየለካን ነው። በየወሩ ይምጡ። አንድ ወር እንኳ እንዳይዘሉ።»

ወይዘሮ ወለቴ እስከዚያ ድረስ በየወሩ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ተሳፍረው፣ ከድንች ጆንያና እግሩ ከታሰረ ዶሮ ጋር ተጋፍተው ወደ አርባ ምንጭ ይወርዱ ነበር። ተለክተው፣ ጠብታቸውን ይዘው በዚያው ቅጥቅጥ ይመለሳሉ። አንድም ወር ዘልለው አያውቁም። መኪናዋ የተገዛች ዕለት ግን ደግፌ ስልክ ደወለ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ቅጥቅጥ ላይ እንዳትወጪ። ልጅሽ መኪና አለው። ሰው ቢያይሽ ምን ይላል?»

«ኧረ ልጄ፣ ቅጥቅጡ ምን አደረገኝ?»

«አይሆንም አልኩ! ትልቅ መኪና ናት፤ ድምጿን ከሩቅ ትሰሚዋለሽ። መጥቼ አወርድሻለሁ፤ ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂኝ።»

ወይዘሮ ወለቴም ልጃቸውን ላለማሳፈር ቤታቸው ሆነው ጠበቁ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ልብ በሉ፤ እኚህ እናት ልጃቸው መኪና ባልነበረው ጊዜ ሐኪም ዘንድ ይደርሱ ነበር።

ደግፌ በሳምንቱ ሊያመጣቸው ቆርጦ ነበር፤ እውነቱን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን በመካከል በዛብህ ነበረ። በዛብህ በዚያው ከተማ፣ ሴቻ መንገድ ላይ የመኪና ማስጌጫ ዲኮር ቤት ከፍቶ የሚሠራ፣ አፉ ከሚሸጠው ኒኬል ይበልጥ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና፣ ሊሞት የተቃረበ በሽተኛ እንዳየ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ ደግፌ፣ አዝናለሁ።»

«ምነው? ሞተሯ ነው?»

«ሞተሯማ ምን ይወጣለታል! መልኳ ነው እንጂ። በዚህች ነው እናትዎን የሚያመጡት? የዶርዜ ሰው ምን እንደሚል ያውቃሉ? ‹ደግፌ ከአንድ አስተማሪ መኪና ተውሶ መጣ› ነው የሚለው።»

ደግፌ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አልነበረም። በመጀመሪያ ስፖርት ቸርኬ ተገጠመላት። ስፖርት ቸርኬ ስስ ጎማ ይፈልጋልና ስስ ጎማ ገባ። ስስ ጎማ ላይ ከፍ ብላ ስትቆም ደግሞ ሱሪው ያጠረበት ጎረምሳ መሰለች፤ ስለዚህ ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ አለች። ዝቅ ካለች በኋላ ዙሪያዋን ቀሚስ የሚመስል ፕላስቲክ ተደረገላት፤ ከመሬት ያላት ከፍታ አንድ ስንዝር አይሞላም። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ በወፍራም ተቀየረ። ጉልበቱ መጨመሩን ያረጋገጠ የለም፤ የሰፈሩ ሕፃናት ከእንቅልፋቸው መነሳታቸውን ግን ሁሉም አረጋግጧል። በመጨረሻም የኋላው ወንበር ተነቀለና ቡፌ የሚያክል ስፒከር በቦታው ተቀመጠ።

«እማማ የት ሊቀመጡ ነው?» አለች ሚስቱ አበቡ። አበቡ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ቃል አታበዛም።

«ከፊት።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን ቸገረሽ፣ በባጃጅ ትከተይናለሽ።»

ኅዳር እንዲህ አለፈ። በታኅሣሥ ደግፌ አንድ ቀን ወደ ዶርዜ ተነሳ። አስፋልቱን ለቅቆ ዳገቱን ሲጀምር የሰው ዓይን ሁሉ ይከተለው ነበር፤ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ግን ከሥሩ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማ። ወርዶ አየ። የፊተኛው ፕላስቲክ ድንጋይ ነክቶት ለሁለት ተሰንጥቋል። በዚያው ሰዓት ቅጥቅጡ ጡሩንባውን እየነፋ አልፎት ወደ ላይ ወጣ። ደግፌ መኪናዋን አዞረ። ለእናቱም ደወለ።

«እማዬ፣ መንገዱ ተበላሽቷል።»

«እሺ ልጄ። ሲሠሩት ትመጣለህ።»

ማታ አበቡ እራት አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጠብታው ካለቀባቸው ስንት ጊዜ ሆነ? ነገ እኔ በቅጥቅጥ ወጥቼ ላምጣቸው።»

«ባለመኪና ሚስቱን በቅጥቅጥ ይልካል? ልታዋርጂኝ ነው?»

«የባለመኪና እናትስ ዓይናቸውን ይጡ?»

«ደህና ነኝ ብላኛለች። ‹በደንብ አያለሁ› ነው ያለችኝ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«እናት ለልጇ ሌላ ምን ትላለች?»

ደግፌ ጎረሰ። አበቡም ወጥ ጨመረችለት። በማግስቱ ሳትነግረው ተሳፍራ መሄድ ትችል ነበር፤ አልሄደችም። የባልን ክብር መጠበቅ ከልጅነቷ የተማረችው ነገር ነው፤ የባል ክብር የሰው ዓይን ሲያስከፍል ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማራት አልነበረም።

ያማረ ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም። ያገኘ ሰው ቤቱን ቀለም ይቀባል፣ መኪናውን ያሳጥባል፤ ደግ ነው። አንድን ነገር ከተገዛበት ሥራ እስኪወጣ ድረስ ማስጌጥ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ የምናስጌጠው ዕቃውን አይደለም፤ ስማችንን ነው። ስም ደግሞ በሽተኛ አያደርስም።

ጥር ላይ የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ። በቤተ ክርስቲያናቸው መኪና የገዛ ሰው አገልጋዮችንና ጎረቤትን ጠርቶ ማስጸለዩ የተለመደ ነው። ደግፌ ለእናቱ «ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ አወርድሻለሁ፣ ተዘጋጅተሽ መንገድ ዳር ጠብቂኝ» አላቸው። ዓርብ ከሰዓት በዛብህ የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ በማስቲሽ አጣብቆ ቀለም ቀባና፣ «ጋሼ፣ እስከ ፕሮግራሙ ኮረኮንች እንዳታስነኳት» ብሎ አስጠነቀቀ። ደግፌ ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ሁለት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው።

ግቢው ሞላ። የጫሞ ዓሣ ተጠብሶ፣ ለስላሳ ተደርድሮ፣ መኪናዋ ሪባን ታስሮላት መካከል ቆማለች።

«እናትህስ?» አለው መጋቢ ፋኑኤል።

«ትንሽ ድካም ተሰምቷት ነው፣ መጋቢ። በሌላ ቀን በደንብ አድርጌ አመጣታለሁ።»

ጎረቤቶች እርስ በርስ አልተያዩም። መኪናዋ ዶርዜ ወጥታ እንደማታውቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ዓሣው ገና አልቀረበም።

«አይ ደግፌ፣ እናቱን የሚያከብር እንደ አንተ የት ይገኛል!» አሉ አንዱ።

«እጃችንን እንጫን» አለ መጋቢው። እጆች ሁሉ በሚያብረቀርቀው ኮፈን ላይ ዐረፉ። በዛብህም እጁን ጫነ። «ጌታ ሆይ፣ እናቱን እንዲያገለግልባት ስለሰጠኸው ስለዚህች መኪና...»

በዚህ መካከል ጎመን የጫነ አቧራማ አይሱዙ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ኤርጫፎ፣ የዶርዜ ሰው ነው፤ ደግፌ ያውቀዋል። ወርዶ ቀጥታ ወደ ደግፌ መጣና በጆሮው ተናገረ።

«ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር ይነሳሉ። እኔ ስቆም ‹ደግፌ ነህ?› አሉኝ። አይደለሁም ማለት አቃተኝ። ልጅዎ ልኮኝ ነው አልኳቸው። ይቅርታ፣ ወንድሜ።»

ወይዘሮ ወለቴ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ መረገጫውን በእግራቸው እየዳሰሱ ከአይሱዙው ወረዱ። ወርደውም የመኪናውን በር አለቀቁም።

«ደግፌ፣ የት አለህ?»

ደግፌ ሁለት እርምጃ ያህል ፊት ለፊታቸው ቆሟል። የእናቱ ዓይኖች ክፍት ናቸው፤ በትከሻው ላይ አልፈው ሌላ ቦታ ያያሉ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየ።

«እዚህ ነኝ... እማዬ።»

ወደ ድምፁ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! መኪናህ ዘገየች ብዬ በልቤ ማማቴን ይቅር በለኝ። እንዲህ ከፍ ያለች መኪና! ዳገቱን፣ ጉድጓዱን ከምንም አልቆጠረችው። ሹፌርህም ደግ ሰው ነው፣ ‹እንዳይመታዎት› እያለ ቀስ ብሎ ነው ያመጣኝ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ አይሱዙው መልሰው ሁለት እጃቸውን አቧራው ላይ አሳረፉ።

«እናቱን ያላስረሳችውን ይህችን መኪና እግዚአብሔር ይባርካት። ክፉ አይንካት። ለደካማ ሁሉ የምትደርስ ያድርጋት።»

ኮፈኑ ላይ የነበሩት እጆች አንድ በአንድ ተነሱ። መጀመሪያ የተነሳው የመጋቢው እጅ ነበር። በዛብህ የራሱን መዳፍ አየና ኪሱ ከተተው። አበቡ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ወለቴ፣ ጆሯቸውን ወደ ሰዉ ሰጥተው። «ሰው የለም እንዴ? አሜን በሉ እንጂ።»

ደግፌ እንደ ምንም ሄዶ እናቱ አጠገብ ቆመ፤ እጁንም ከእጃቸው ጎን አይሱዙው ላይ አሳረፈ።

«አሜን» አለ።

ሌላ አሜን ያለ ሰው አልነበረም።