ያለ ሂሳብ የተደወለው ጥሪ

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። ግን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው። እንኳን ልጨምርበት፣ ያለውንም መናገር ይከብደኛል።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

የምሠራው የውሃ ማሞቂያ በሚጠግን ድርጅት የጥሪ ማዕከል ነው። ቁጥራችን ነጻ መስመር ነው። የጥሪውን ዋጋ የሚከፍለው ድርጅቱ ስለሆነ ሂሳብ ያለቀበት ስልክም ይደውልበታል።

አንድ ጥብቅ ደንብ አለን። መስመር ከተቋረጠ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሰን እንደውላለን። አለቃችን በዚህ ቀልድ አያውቅም፤ "ጋሽ ደቂቃ" ያልነውም ለዚህ ነው።

ስልኩ ጠራ።

"እንደምን ዋሉ፣ ምን እንርዳዎት?"

የታፈነ ትንፋሽ ሰማሁ።

"እህቴ... ቀስ ብለሽ አውሪ..."

"ማሞቂያው ምን ሆነ?"

"ማሞቂያ አይደለም... ሂሳብ የለኝም... ፖሊስ ጋ ብደውል አይነሳም... የናንተን ቁጥር ማሞቂያው ላይ ተለጥፎ ሳየው ኖሬ በቃሌ ይዤው ነው... ቁም ሳጥን ውስጥ ነኝ። ባሌ መዶሻ ይዞ እየፈለገኝ ነው።"

ብዕር አነሳሁ።

"ቤቱ የት ነው?"

ሰፈሩንና የቤት ቁጥሩን ነገረችኝ። ጻፍኩ። ወዲያ ማዶ የሆነ ነገር ተሰበረ።

"ሳሎን ደርሷል..." አለችና መስመሩ ተቋረጠ።

ወረቀቱን አጠገቤ ላለችው ባልደረባዬ ወረወርኩላት። "ፖሊስ ጥሪ! እስኪያነሱ ደውዪ!"

ከዚያ... ሦስት ዓመት የለመደ ጣት ምን ያውቃል? ደንቡን ፈጸመ። መልሶ ደወለ።

የገባኝ ሲጠራ ነው።

ስልኳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እየጮኸ ነው!

ልዘጋው ስል ተነሳ። ድምፁን ልታጠፋ ስትታገል ነክታው ይመስለኛል።

እንጨት ተሰነጠቀ። "አገኘሁሽ!" አለ የወንድ ድምፅ። ጮኸች። ከዚያ መዶሻው... አንዴ... ሁለቴ...

ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ከእንጨት ይለያል። እርጥብ ነው።

ሦስተኛው ላይ ጩኸቷ ቆመ። እሱ ግን አላቆመም።

እኔ ነኝ ያስገደልኳት። እኔው ራሴ።

ጋሽ ደቂቃ ሌላ ጥሪ ባለማንሳቴ ሊቆጣኝ መጥቶ ፊቴን ሲያይ፣ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

መስመሩን አልዘጋሁም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የፖሊሶች ጫማ ሰማሁ። ሰውየውን ደረጃው ላይ ከነመዶሻው እንደያዙት ሲነጋገሩ ሰማሁ። የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲልም ሰማሁ።

"ደም በደም ነው" አለ አንዱ። "ሰው ግን የለም።"

"አልጋ ሥር እይ።"

"የለም አልኩህ! መስኮቱም ፍርግርግ ብረት ነው፣ በየት ትወጣለች?"

ያኔ ነው ያ የታፈነ ድምፅ የመጣው። ከሁለቱም ይልቅ ለስልኩ የቀረበ ነበር።

"እህቴ... በሩን ከፍተው እያዩኝ ነው... ለምን አያወጡኝም?"

"እዚያው ናት!" ብዬ ጮህኩ። "ውስጥ ናት!"

ፖሊሱ ስልኩን አነሳው። "ማን ነው?" አለና ዘጋው።

የኮምፒውተሬ ማያ ላይ ግን የጥሪው ሰዓት መቁጠሩን አላቆመም። ሃያ አራት ደቂቃ... ሃያ አምስት...

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅኩ።

ትንፋሿ አሁንም ይሰማኝ ነበር።