የቀዝቃዛው ክፍል ተረኛ

በአበባ እርሻው ማሸጊያ ቤት ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነገር ወጉን የያዘ ነበር፤ ጽጌረዳው በቁመቱ ይለያል፣ እሾሁ ይራገፋል፣ ሃያ ሃያው ይታሰርና በባልዲ ሆኖ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባል። ባልዲውን የምታስገባው ስንዱ ነበረች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ቀርቶታል፤ ተቆጣጣሪው ጋሽ ፍሬው ወረቀቷ ላይ «ትቀጥል» ብለው ካልፈረሙላት፣ በዱላው ምክንያት ጥላው ወደ መጣችው ባሏ ከመመለስ በቀር መድረሻ የላትም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው በአምፖሉ ነው። ከቀዝቃዛው ክፍል ሦስት አምፖሎች የሚበራው በር ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ በሚያጓራበትና እርጥብ ቅጠል ከመድኃኒት ጋር ተደባልቆ በሚሸትበት ጥግ፣ የገዛ እጇ እንኳ አይታያትም። ለጥገና ሠራተኛው ነገረችው።

«ተይው» አላት ዓይኗን ሳያይ። «ብቀይረውም መልሶ ይወልቃል።»

ማን እንደሚያወልቀው መጠየቅ ፈራች። ከዚያ ወዲያ ግን ሁሉን ነገር ትከታተል ጀመር፤ የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ተነቅሏል፤ በሩ እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ድንጋይም አንዳንድ ቀን ከቦታው ይጠፋል።

«እትዬ ዘርፌ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኔ ብቻ የምገባው?» አለቻት አብራት አበባ የምታስረውን አንጋፋ ሠራተኛ።

ሠላሳ ሴት ሲንጫጫበት የነበረው ቤት ውስጥ መቀስ ብቻ ይሰማ ጀመር።

«ቶሎ ግቢ፣ ቶሎ ውጪ፣ የኔ እናት» አለች ዘርፌ በመጨረሻ። «ሹራብሽንም እስከ አንገትሽ ቆልፊው።»

ስንዱ ስለ ብርዱ መሰላት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ባልዲ ይዛ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፣ አምፖሉ ጠፋ። በማቀዝቀዣው ጩኸት ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር፤ ትንፋሽ፣ የማይቸኩል፣ ቦታውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ትንፋሽ፤ እየቀረበ መጥቶ ማጅራቷ ላይ ሞቀ። አንድ እጅ ክንዷን ይዞ ወደ ጥጉ ሳባት።

«የሙከራ ጊዜሽ ስንት ቀን ቀረው?» አላት በሹክሹክታ።

ጮኸች። ታግላ አመለጠችና በሩን በሁለት እጇ ደበደበች። ዘርፌ ከፈተችላት፤ ምን ሆንሽ ብላ ግን አልጠየቀቻትም። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው እሾህ ያራግፋሉ። የጋሽ ፍሬው ወንበር ባዶ ነበር።

ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ሮጠች። ኃላፊዋ ወይዘሮ ይርገዱ በሩን ዘጉላት፣ ውሃ ሰጧት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ አንድ ቃል ግን አልጻፉም።

«እኔም ከማሸጊያ ቤት ነው የጀመርኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ሁላችንም ገብተንበታል፤ የምትገባው መጨረሻ የተቀጠረችው ናት። አይዞሽ ልጄ፣ ሰኞ አንዲት የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትጀምራለች።»

ስንዱ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች፤ ከብዙ ቀን በኋላ ደረቷ ቀለል አላት።

«ከሰኞ በፊት መጀመር አትችልም?» አለች።